«ኮድ በወርድ ስጽፍ ጓደኞቼ ሳቁብኝ»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋሉ፤ በምን ልጻፍ? ተማሪዋም፣ ባለሱቁም፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛውም የየራሱን ጣጣ ይዞ መጥቷል። እኔም አዳማ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ይዤ የሰው ፋይል ሳገላብጥ ስለምውል፣ እንዲህ ያለውን ጣጣ በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አላጣም። ወጣቶቹ ወርድና ቪኤስ ኮድ (የፕሮግራም ኮድ መጻፊያው) ብለው እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደጋፊ ጎራ ለይተው ሲሟገቱ እሰማለሁ። እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ የለሁበትም። ሰው ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ፋይሉ ከእጅህ ሲወጣ ማን ጋ ነው የሚሄደው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአይቲ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፕ የገዛሁት በቅርቡ ነው። የማውቀው ወርድ ብቻ ስለሆነ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ልምምዴን እዚያ ላይ ጽፌ፣ ኮፒ እያደረግኩ ነው የማስኬደው። መምህራችን ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ፊደል በፊደል ገልብጬ እንኳ ኤረር ይለኛል። ጓደኞቼ ሲያዩኝ ሳቁ። አንዷ ቪኤስ ኮድ ጫኚ ትለኛለች። ሌላው ደግሞ «እውነተኛ ፕሮግራመር በቪም ነው የሚጽፈው፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽንም በላቴክ አድርጊው፣ ወርድን ከናካቴው አጥፊው» ይላል። የቱን ልያዝ? (ተማሪ፣ ከአዳማ ፍራንኮ)

መልስ፦ ልጄ፣ የሳቁብሽን ተያቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ትናንት ነው የተማሩት። ኤረሩ ከየት እንደሚመጣ ግን ማወቅ አለብሽ፤ አለዚያ ነገ ሌላ ቦታ ላይ ይገጥምሻል።

ወርድ የተሠራው ሰው ለሚያነበው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ሳትጠይቂው ያሳምርልሻል። የጥቅስ ምልክት ስትመቺ ቀጥ ያለችውን ጭረት ያነሳና በቦታዋ የጎበጠች ጥቅስ ይተካል፤ ለመክፈቻ አንድ ዓይነት፣ ለመዝጊያ ሌላ ዓይነት። ወረቀት ላይ ታምራለች። ለፓይተን ግን ቀጥ ያለችውና የጎበጠችው ፈጽሞ የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው። ለየፊደሉና ለየምልክቱ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዝርዝር፣ በዩኒኮድ ውስጥ፣ ቀጥ ያለችው ቁጥሯ 34 ነው፤ የጎበጠችው መክፈቻ 8220፣ መዝጊያዋ 8221። መምህርሽ 34ን ጻፈ፣ አንቺም 34ን መታሽ፣ ወርድ 8220ን አስቀመጠ። ፓይተን እሷን ሲያይ «የማላውቀው ምልክት ነው» ብሎ እዚያው ይቆማል። የመስመሩን መጀመሪያ ፊደል ትልቅ የሚያደርገውም ወርድ ነው። ፓይተን ደግሞ በትንሽ ፊደል የተጻፈችውን «ፕሪንት» እንጂ በትልቅ የጀመረችውን አያውቃትም። ሁለት ሰረዝ አከታትለሽ ስትጽፊም አዋህዶ አንድ ረጅም ሰረዝ የሚያደርግበት ጊዜ አለ።

ከዓይን የተሰወረውን ደግሞ በገዛ እጅሽ እይው። ወርድ ከፍተሽ «ሰላም» ብቻ ጻፊና ሴቭ አድርጊ። ከዚያ የፋይሉን ኮፒ አንሺና ስሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ዶክኤክስ የሚል ቅጥያ ወደ ዚፕ ቀይረሽ ክፈቺው። ውስጡ ጥቅል ነው፤ ከወርድ 2007 ጀምሮ ፋይሉ የሚቀመጠው እንዲህ ነው። አንቺ የጻፍሽው ቃል ከጥቅሉ በአንዱ ፋይል ውስጥ በፎንት ስም፣ በቋንቋ ምልክትና በአንቀጽ መረጃ ተከብቦ ታገኚዋለሽ። የዚህ ሁሉ ክብደት ከ10 ኪሎባይት ይበልጣል። ያንኑ ቃል በኖትፓድ ጽፈሽ በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድን ፊደላት በባይት ማስቀመጫ ዘዴ) ስታስቀምጪው ግን 9 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ሦስቱ ፊደላት 9 ሆኑ፣ ሌላ ቅንጣት የለም። ፓይተን የሚፈልገው ያንን ባዶውን ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ ለኮዱ ቪኤስ ኮድ ጫኚ። ማይክሮሶፍት ከ2015 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው የኮድ መጻፊያ (ኤዲተር) ነው። የላፕቶፕሽ ራም ትንሽ ከሆነና የሚንቀራፈፍ ከሆነ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን ያዢ፤ እሱም ነፃ ነው፣ በጣም ቀላል ነው፣ የተማሪ ልምምድ በደንብ ይችላል። ሁለቱም ኮዱን በቀለም ይለዩልሻል። ጥቅስ ሳትዘጊ ከረሳሽ የመስመሩ ቀሪ ክፍል በሙሉ በጥቅሱ ቀለም ይዋጣል፤ ገና ሳታስኬጂው ዓይንሽ ይይዘዋል። ፓይተን በመስመር መጀመሪያ ላይ ያለውን ክፍት ቦታ እንደ ሕግ ስለሚቆጥር እሱንም ለመጠበቅ ያግዙሻል።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ማንም የማይነግርሽ ወጥመድ አለ። ኪይቦርድሽ አማርኛ ላይ ሳለ ኮማ ስትመቺ የሚወጣው የኛው ነጠላ ሰረዝ ነው። በጥቅስ ውስጥ አማርኛ ጽፈሽ ስትጨርሺ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ከረሳሽ፣ ቀጥሎ ያለችው ኮማ «፣» ሆና ትቀመጣለች፤ ፓይተንም ይቆማል። በትንሽ ፎንት ስታያት ደግሞ ከኮማ ለመለየት ታስቸግራለች። የሚገርመው ፓይተን 3 ፊደላችንን አይጠላም። «ዋጋ = 250» ብለሽ ብትጽፊ ያለምንም ቅሬታ ይቀበልሻል። የማይቀበለው ሥርዓተ ነጥባችንንና እንደ ፩ እና ፪ ያሉትን በቁጥር ቦታ ስትጽፊያቸው ነው። የግዕዝ ፊደላት ስፋታቸው እኩል ስላልሆነ በኤዲተሩ ውስጥ ዓምድ ለማስተካከል ብትሞክሪ ይንጋደድብሻል፤ እሱ የፎንት ጉዳይ ነውና ኮድሽን አይነካም።

ቪምን የሚያንቆለጳጵሰው ጓደኛሽ አልዋሸም። ከ1991 ጀምሮ ያለ ኤዲተር ነው፤ ርቆ ያለ ሰርቨር ውስጥ ገብተሽ፣ ማውስ በሌለበት ጥቁር መስኮት ላይ ፋይል ማረም ሲኖርብሽ ያድንሻል። ያ ቀን ሲመጣ ትማሪዋለሽ። መውጫው ጠፍቶት ላፕቶፑን በቁልፉ ያጠፋ ጎረምሳ እኔው ቤት አይቻለሁ። (ኢስኬፕ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ፣ ኢንተር። ለማንኛውም ያዢው፤ ግን ያላስቀመጥሽው ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል።)

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ግን በወርድ ጻፊ። ላቴክ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ዶናልድ ክኑዝ የተባለው የኮምፒውተር ሊቅ በ1978 ባወጣው ቴክ በሚባል የሕትመት ገጽ ማሰናጃ ላይ የተገነባ ነው፤ የሒሳብ ቀመር አሳምሮ በማተም የሚስተካከለው የለም። በአማርኛ ለመጻፍ ግን ዚላቴክ የሚባለውን ዝርያውን መጫን፣ ፎንቱን በእጅ መንገር፣ ኤረሩን መፍታት አለ። አማካሪሽ ደግሞ በትራክ ቼንጅስ እየሰረዘና እየጨመረ የሚመልስልሽ በወርድ ነው። የምታስረክቢው ለሰው ነው፤ ሰውየው የሚከፍተው ደግሞ ወርድ ነው፤ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ርዕስን በእጅ አድምቆ ፎንቱን 16 ማድረግ ርዕስ አያደርገውም። ሆም ላይ ስታይልስ ከሚለው ውስጥ ሄዲንግ 1፣ ሄዲንግ 2 እያልሽ ምረጪ። ያኔ ማውጫው በራሱ ይወጣል፤ ገጽ ሲቀየርም አፕዴት ብሎ መጫን ብቻ ነው። ጥራዝ ሊያሳስሩ ከሚመጡ ተማሪዎች ብዙዎቹ ማውጫቸውን በነጥብና በስፔስ በእጃቸው ደርድረውት ነው የሚመጡት። አንድ አንቀጽ ሲጨመር የገጽ ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል፤ ከዚያ የማስረከቢያው ዕለት እኔ ቤት ለቅሶ ነው። ኮዱን ወደ ጽሑፉ ስታስገቢ ከቪኤስ ኮድ ኮፒ አድርጊና ኮንሶላስ በሚባለው ፎንት አስቀምጪው። እዚያው ወርድ ውስጥ ጥቅስ መንካት ካለብሽና ከጎበጠብሽ፣ ወዲያው ኮንትሮል ዜድ አንዴ ምቺ፤ ቀጥ ወዳለችው ትመለሳለች።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፕ ነው ያለኝ፤ ዩፒኤስ የለኝም። መብራት ሲሄድ የጻፍኩት አብሮ ይሄዳል። የትኛው ፕሮግራም ነው የሚያተርፍልኝ? (ባለሱቅ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ)

መልስ፦ በዚህ በኩል የፕሮግራመሮቹ ኤዲተሮች ይበልጣሉ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ሴቭ ያላደረጉትን ጭምር በየ7 ሰከንዱ በጓሮ ያስቀምጣል። ቪኤስ ኮድም መልሰው ሲከፍቱት ያልተቀመጠውን ይዞ ይመጣል። ወርድ ግን ማንም ካልነካው በስተቀር መጠባበቂያ የሚይዘው በየ10 ደቂቃው ነው፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ደረሰኝ እንደሚጻፍ እርስዎ ያውቃሉ። ለዚህ ብለው ግን ወርድን አይተዉ። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ብለው ይግቡና ኦቶሪከቨር ከሚለው ጎን ያለውን 10 ወደ 1 ይቀይሩት። ለአዲስ ፋይል ደግሞ ገና አንድ መስመር ሲጽፉ ስም ሰጥተው ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ድሮ በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎችና የስም ዝርዝሮች አሉን። በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ስንከፍታቸው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነው ይመጣሉ። አንድ ኮምፒውተር ያጠና ልጅ «ወርድ ነው የሚያበላሸው፤ ሁሉንም ወደ ኖትፓድ ገልብጣችሁ በቴክስት አስቀምጡ፣ ቴክስት ዘላለማዊ ነው» አለን። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎ እንዳያደርጉት! ከጀመሩም አሁኑኑ ያቁሙ፤ ዋናዎቹን ፋይሎችም አይሰርዙ።

ልጁ ለኮድ የሚሠራውን ሕግ ላልሆነ ቦታ አምጥቶታል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች ዘዴ ፈጠሩ። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቁጥር ላይ «ሀ» ን ወይም «ለ» ን ይሥላል። ማለትም ፋይሉ ውስጥ አማርኛ የለም፤ አማርኛው ያለው ፎንቱ ውስጥ ነው። ፊደላችን ብዙ ስለሆነም አንዳንዶቹ ከአንድ በላይ ፎንት ላይ ከፋፍለው አስቀመጡት፤ ያው ቁጥር በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሌላኛው ሌላ ፊደል ነው።

እንግዲህ ወደ ኖትፓድ ሲገለብጡት ምን ይሆናል? ኖትፓድ የሚወስደው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ የፎንቱን ስም ይጥላል። የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚያውቀው ወርድ ብቻ ነበር፤ ያ መረጃ ከጠፋ በኋላ ዝብርቅርቁን መልሶ አማርኛ ማድረግ ግምት ነው። የሰው ስም ደግሞ በግምት አይመዘገብም።

መጀመሪያ የሁሉንም ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። አንዱን ፋይል በወርድ ከፍተው ዝብርቅርቁ ላይ ከርሰሩን ሲያሳርፉ፣ ከላይ ባለው የፎንት ሳጥን ውስጥ የፎንቱ ስም ይነበባል። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ስሙ አይጠፋም። ያንን ስም ይያዙና የድሮውን ፎንት ይፈልጉ፤ በአሮጌው ማሽን ወይም በድሮው ሲዲ ላይ አይታጣም። ፎንቱ ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ወዲያው ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያለበት፤ ለዋጩም የወርዱን ፋይል ከነፎንቱ የሚያነብ መሆን አለበት። የተለወጠውን ከፒዲኤፉ ጋር መስመር በመስመር ያመሳክሩ። አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ዩኒኮድ ከሆነ በኋላ በቴክስት ማስቀመጥ ከፈለጉ ይችላሉ፤ ያኔ የልጁ ምክር ይሠራል። ወርድ በቴክስት ሴቭ ሲያደርግ የሚያወጣትን ትንሽ መስኮት ግን ዝም ብለው ኦኬ አይበሏት። እንዳለ ካለፏት አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። አዘር ኢንኮዲንግ የሚለውን መርጠው ዩቲኤፍ-8 ይበሏት።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚጻፉ መጣጥፎችን አርሜ ለሕትመት አዘጋጃለሁ። ከተለያዩ ጸሐፊዎች ስለሚመጡ አንዱ «ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው «ጸሀይ»፤ ወርድ ላይ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ነው የማርመው። ፕሮግራመር አይደለሁም። የፕሮግራመር ኤዲተር ለኔ ዓይነቱ ይጠቅማል?

መልስ፦ እንዲያውም ከአራታችሁ አንተን ነው በጣም የሚጠቅምህ።

በመጀመሪያ የአራት ነጥቡን ነገር ተመልከት። ብዙ ሰው አራት ነጥብ ሲጽፍ «።» ን ሳይሆን ሁለት ነጥብን ሁለቴ ነው የሚመታው፤ «፡፡» ይሆናል። ዓይን አይለያቸውም። ኮምፒውተሩ ግን አንደኛውን ፈልግ ስትለው ሌላኛውን አያመጣልህም። አንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ ይደረድራል። ወርድ ላይ ይህን ለማስተካከል ፋይሉን መክፈት፣ መተካት፣ መዝጋት፣ ቀጣዩን መክፈት ነው። ቪኤስ ኮድ ላይ ግን ሙሉ ፎልደሩን ትከፍታለህ፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤች ስትጫን በፎልደሩ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ፣ በአንድ ጊዜ ይተካሉ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስም ፋይንድ ኢን ፋይልስ በሚለው ይኸው አለው።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ጣጣ ነው። በፍለጋ ሳጥኑ ቀኝ ጫፍ ላይ ነጥብና ኮከብ ያለባት ትንሽ ምልክት አለች፤ እሷን አብራትና እንዲህ ብለህ ጻፍ፦

[ጸፀ][ሀሐኀሃሓኃ]ይ

ቅንፉ «ከነዚህ አንዱ» ማለት ነው። ስለዚህ ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሃይ፣ ጸሓይ፣ ሁሉም በአንድ ፍለጋ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ የትኛው ጸሐፊ በየትኛው ፋይል ምን እንዳለ በግራ በኩል ተዘርዝሮ ታየዋለህ። «ሥራ» ንና «ስራ» ን ብትፈልግ [ሠሰሥስ]ራ ማለት ትችላለህ፤ ግን «ሰራ» እና «ሠራ» የሚለውን ግስም አብሮ ስለሚያመጣ እያየህ ነው የምትሄደው። ወርድም ዋይልድካርድስ በሚለው ተመሳሳይ ነገር ይችላል፤ ግን ሞር ከሚለው ቁልፍ ሥር ተደብቆ ነው፣ የሚሠራውም በተከፈተው ፋይል ላይ ብቻ ነው።

በአፋን ኦሮሞው በኩል ደግሞ ሁድሃን፣ በቃል መሀል የምትገባዋን (') ምልክት፣ ጠብቃት። «ዛሬ» ለማለት በቁቤ ስትጽፍ መሀሏ ላይ ሁድሃ አለች፤ ወርድ እሷንም እንደ ጥቅስ ቆጥሮ ያጎብጣታል። ወርድ ውስጥ ስትፈልግ ቀጥ ያለችውንም የጎበጠችውንም ያመጣልሃል፤ ስለዚህ ችግሩ አይታይህም። ጽሑፉ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲሄድ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ አንዱ ቃል ሁለት ቃል ሆኖ ይቆጠራል፣ ፈላጊውም ግማሹን ብቻ ያገኛል። የቱን እንደምትይዙ ከአዘጋጆቹ ጋር ተስማማና በኤዲተሩ አንድ አድርገው። በወርድ ውስጥ ልተካ ብትል፣ ቀጥ ባለችው ተካ ያልከውን ራሱ መልሶ ያጎብጥብሃል። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ ብለህ ገብተህ፣ ኦቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ ከሚለው ሥር ስማርት ኮውትስን ማጥፋት አለብህ።

ዋጋውንም ልንገርህ። እነዚህ ኤዲተሮች የወርድን ፋይል ውስጥ ገብተው አያነቡም፤ ለተማሪዋ እንዳልኩት ጥቅል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዱን በዩቲኤፍ-8 ቴክስት ታወጣዋለህ፤ ያኔ ደማቁም፣ ያዘመመውም፣ የግርጌ ማስታወሻውም አያያዝ ይጠፋል። እኔ ብሆን ጸሐፊዎቹ ገና ከጅምሩ በቴክስት እንዲልኩ እጠይቃለሁ፤ ፊደሉንና ነጥቡን በኤዲተር አጽድቼ፣ ርዕሱን፣ ምስሉንና የገጹን አቀማመጥ መጨረሻ ላይ በወርድ እሠራለሁ። ባለ ብዙ ግርጌ ማስታወሻ ጽሑፍ ከመጣ ግን ከወርድ ሳላወጣው እዚያው በዋይልድካርድስ ብሠራው እመርጣለሁ።

ከመተካትህ በፊት የፎልደሩን ቅጂ ያዝ። የሰው ስም ላይ ስትደርስ ደግሞ ሪፕሌስ ኦል የሚለውን አትንካ። ኃይሉ ስሙን በ«ኃ» ከጻፈ በ«ኃ» ነው፣ ሀይሉም በ«ሀ» ከጻፈ እንደዚያው ነው፤ አንድ በአንድ እያየህ እለፍ፣ ከተጠራጠርክ ለባለቤቱ ደውል።